የዓመቱን ምርጥ ንባቦች ስታወጡ ምን ምን ትጽፋላችሁ? (34 ተነቦ 7 ሊመረጥ)

ቸርችል ቁልቁለት፦

ሰላም ለቤቱ። በ2017 ዓ.ም. ካነበብኳቸው 34 መጻሕፍት ሰባቱን መርጬ ለእንቁጣጣሽ ላወጣ ነው። ዘንድሮ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ስለሆነች ጊዜ የለኝም። ደራሲ የሚያወጣው ዝርዝር ብዙ ጊዜ የመጻሕፍት ስምና «ግሩም ነው» ሆኖ ይቀራል። እኔ የምፈልገው አንባቢ በእጁ ይዞ አዟሪ ዘንድ ወይም ቤተ መጻሕፍት የሚሄድበት ዝርዝር ነው። የተቸገርኩባቸው እነዚህ ናቸው።

የዓመት አጻጻፍ። ከሰባቱ አራቱ የአማርኛ፣ ሦስቱ የፈረንጅ ናቸው። አንዱ ላይ 1962፣ ሌላው ላይ 2016 ይላል። ጎን ለጎን ሲሰለፉ ይምታታሉ። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ልቀይር?

ቆጠራ። የበዓሉ ግርማን «የሕሊና ደወል» እና «ሐዲስ» አከታትዬ አንብቤአለሁ። አንድ ናቸው ሁለት? «ኦሮማይ»ን በአማርኛ ደግሜ አነበብኩት፤ ዘንድሮ የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉምም ጨመርኩበት። ይኼስ ስንት ነው?

ዕትም። ሦስቱ መጻሕፍት ፎቶኮፒ ይመስሉኛል፤ እርግጠኛ መሆኛው ምንድን ነው? አንዱ «1ኛ ዕትም» ይላል እንጂ ዓመት የለውም።

ማስታወሻ። ለእያንዳንዱ 80 ቃል መድቤአለሁ። ስለ «አደፍርስ» የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «የዳኛቸው ወርቁ ድንቅ ሥራ የሆነው አደፍርስ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው፣ ጥልቅ ሐሳብ ያዘለ፣ ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው።» እኔ ራሴ ሳነበው ምንም አይነግረኝም።

የወዳጅ መጽሐፍ። ከሰባቱ ሁለቱ የማውቃቸው ሰዎች ሥራ ናቸው። ምን ይደረግ?


ካርድ ካታሎግ፦

ከዓመቱ ልጀምር፤ በጣም የሚበላሸው እሱ ነው።

አይቀይሩ። መጽሐፉ ላይ እንዳለ ይጻፉና ከጎኑ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያስቀምጡ። የአማርኛ መጽሐፍ የመብት ገጽ (አሳታሚውና ዓመቱ የሚሰፍርበት) ወር ብዙ ጊዜ አይጽፍም፤ ወሩ ካልታወቀ ደግሞ መቀየር ግምት ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የታተመ 7 ይደመርበታል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ነው (ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይላል)። ስለዚህ «1975 ዓ.ም.» 1982ም 1983ም ሊሆን ይችላል። በየመረጃ መረቡ አንድ መጽሐፍ በሁለት የፈረንጅ ዓመት ተመዝግቦ የምናገኘው አንዱ 7፣ ሌላው 8 ስለሚደምር ነው።

የስልክ መተግበሪያ ላይ የንባብ መዝገብ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ከጃንዋሪ ነው የሚቆጥርልዎት። የእርስዎ 2017 ለሁለት ይከፈላል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያነበቡት ባለፈው ዓመት ሥር ይገባል። በደብተር ወይም በሠንጠረዥ ይያዙት። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ ርዕስ እንደ ሽፋኑ፣ ደራሲ (ትርጉም ከሆነ ተርጓሚ)፣ አሳታሚና ዓመት፣ ስንተኛ ዕትም፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ አንድ የገጽ ቁጥር። የገጽ ቁጥሩ በኋላ መመለስ የሚፈልጉበት ቦታ ነው። እሱ ካልተያዘ ማስታወሻ ሲጽፉ ግማሽ ቀን በፍለጋ ይሄዳል።

ስም አይገልብጡ። «ግርማ፣ በዓሉ» የሚባል ደራሲ የለም፤ ግርማ የአባት ስም ነው፣ የቤተሰብ ስም አይደለም። በፊደል ተራ ሲደረድሩ በ«በዓሉ» ይደርድሩ። ማዕረግ ካለ ከስሙ በኋላ በቅንፍ ይግባ፤ አለዚያ ብላቴን ጌታው ሁሉ «ብ» ሥር፣ ዶክተሩ ሁሉ «ዶ» ሥር ተሰልፎ ያርፋል።

ሞክሼ ፊደላትን እንደ ሽፋኑ ይጻፉ፤ «ላስተካክል» አይበሉ። ጸጋዬና ፀጋዬ፣ ሀዲስና ሐዲስ፣ ዓለማየሁና አለማየሁ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንባቢዎ በሌላው ፊደል ከፈለገ «የለም» ይባላል። መፍትሔው ሽፋኑ ላይ ያለውን በዋናነት አስቀምጦ ሌላውን አጻጻፍ ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ ጊዜ መጥቀስ ነው።

አንድ መጽሐፍ ሁለት ርዕስ የሚኖረው ጊዜም አለ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። «ጦቢያ» የሚለው ከዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም የመጣና በኋላ የጸና ነው። አሮጌ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ በአንዱ፣ አዲሱ ላይ በሌላው ታገኙታላችሁ። ሁለቱንም ይጥቀሱ።

ወደ ቆጠራው ስንመጣ፣ «የሕሊና ደወል» (1966 ዓ.ም.) ተስፋፍቶና ዳግመኛ ተጽፎ ነው «ሐዲስ» (1975 ዓ.ም.) የሆነው። ሁለት ቦታ አይስጧቸው። በአንድ ተራ ቁጥር ሥር «ሐዲስ፤ ከቀዳሚ መልኩ ከየሕሊና ደወል ጋር የተነበበ» ቢሉ ለአንባቢው ከሁለት የተለያየ ማስታወሻ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ የሚያስደስተውም ደራሲው ምን እንደጨመረ ማየቱ ነው። «ኦሮማይ»ም እንዲሁ፦ አንድ ተራ ቁጥር፣ ሁለት መስመር፤ ኩራዝ አሳታሚ 1975 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም 2025 እ.ኤ.አ.። የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ሦስት መጽሐፍ ነው (የአብዮት ዋዜማ፣ የአብዮት መባቻ፣ የአብዮት ማግስት)፤ የትኛውን እንዳነበቡ ካልገለጹ አንባቢዎ መሐል ላይ ያለውን ገዝቶ ይጀምራል።

«ዕትም» የሚለው ቃል አያታልልዎት። እኛ ዘንድ 2ኛ ዕትም፣ 3ኛ ዕትም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ያው ጽሑፍ ዳግመኛ ተባዝቶ ነው፤ ደራሲው ነክቶታል ማለት አይደለም። የተለወጠ ነገር ካለ መቅድሙ ይናገራል። «ተሻሽሎ የቀረበ» የሚል ካለ ያንን ያስገቡ፤ ከሌለ ዓመቱ ይበቃል። ዓመት ለሌለው መጽሐፍ «ዓመት አልተገለጸም» ብሎ ማለፍ ነው እንጂ ከሽፋኑ ቀለም አይገመትም። ቁጥር ካለው ይመልከቱ፤ 978-99944 ብሎ የሚጀምር አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ለኢትዮጵያ ከተሰጠው መለያ የወጣ ነው። ቁጥር የሌለው መጽሐፍም ብዙ ስለሆነ አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም።

የሰሙትን ከተነበበው ይለዩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው መጽሐፉን በደንብ ያውቀዋል። ያም ሆኖ የገጽ ቁጥር ሊጠቅስ አይችልም፤ የጉዱ ካሳን ንግግር የሚያስታውሰውም በወጋየሁ አነባበብ ነው። «የተሰማ» ብለው ይመዝግቡት፤ ውርደት የለውም።


ለገሃር መደዳ፦

ወንድሜ ቸርችል፣ የፎቶኮፒውን ለእኔ ተወው።

መጽሐፉን ዓይንህ ፊት አጋድመህ ያዘውና ብርሃን ከጎን ይምታው። በኦፍሴት (በማተሚያ ቤት ማሽን) የታተመ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይደበዝዛል። የፎቶኮፒ ቶነር (የዱቄት ቀለሙ) ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ያብለጨልጫል። የገጹን ጥግ አጥፈህ በጥፍር ብትፍቀው ቶነር በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አትፍረድ። አሁን በትንሽ ቁጥር የሚታተሙ ሕጋዊ መጻሕፍትም በዲጂታል ማሽን ስለሚወጡ ቶነር አላቸው። በተቃራኒው ደግሞ ስካን ተደርጎ በኦፍሴት የተባዛ የሌባ ቅጂ አለ።

ስለዚህ ፊደሉን እይ። ከመጽሐፍ ላይ የተነሣ ፊደል ጠርዙ ይወፍራል፣ ይንጨባረራል። ክብ ያላቸው ፊደላት ቀድመው ይደፈናሉ፤ የ«ዐ» ቀዳዳ፣ የ«ፀ» ሆድ፣ የሳብዕ ቀለበት። ከዚያ የመጽሐፉ መሐል እጥፋት ያለበትን ጎን ተመልከት፤ ሲነሣ በደንብ ያልተዘረጋ መጽሐፍ እዚያ ጋ ጥላ ይጥላል፣ መስመሩም ይጎብጣል። የገጽ ቁጥሮቹ ጠርዝ ላይ ተቆርጠው ከሆነም ምልክት ነው። ሽፋኑ ላይ ፎቶ ካለ ቀረብ አድርገህ እየው፤ ከታተመ ፎቶ ላይ የተነሣ ፎቶ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል ጥልፍልፍ ያወጣል። ከእነዚህ ሦስቱ ከተገናኙ ጨርሰሃል፣ ፎቶኮፒ ነው።

ሌላው ዓይነት እንደገና የተለቀመ ነው፤ አንድ ሰው ከአሮጌው እያየ በኮምፒውተር የጻፈው። ይኼ ንጹሕ ስለሆነ ሰው ይወደዋል፤ ለአንተ ግን ከፎቶኮፒው የባሰ ነው። ፎቶኮፒ ቢያስጠላም ጽሑፉ ያው ነው። ለቃሚ መስመር ይዘላል፦ ሁለት ተከታታይ መስመሮች በአንድ ቃል ሲጀምሩ ዓይኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይወርድና መሐሉ ይጠፋል። ዐረፍተ ነገሩ «ምን አለ?» ካሰኘህ ችግሩ የደራሲው ላይሆን ይችላል። «ፕ» የሚገባበት «ኘ» ከበዛ (ኘሮፌሰር፣ ኘሬዚዳንት) አራሚ ያላየው ለቀማ መሆኑን እወቅ።

አሁን ደግሞ ኦሪጅናል ሆኖ የጎደለውን እንዴት እንደምታውቅ። መጽሐፍ በብዛት የሚታጠፈው በ16 በ16 ገጽ ነው። እጥፋቶቹ ሲደረደሩ አንዱ ይዘለላል፣ ወይም አንዱ ሁለቴ ይገባል፣ ወይም ተገልብጦ ይጠረዛል። ሁሉንም ገጽ መቁጠር የለብህም፤ መጋጠሚያዎቹን እይ፦ 16 እና 17፣ 32 እና 33፣ 48 እና 49፣ 64 እና 65፣ እንዲህ እያልክ እስከ መጨረሻው። መቅድሙ የራሱ ቁጥር ካለው መጋጠሚያው ይዛነፋል፤ ያኔ የመጽሐፉን ጀርባ ከላይ ብታየው እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ይታያል። ሻጭ አጠገብ ቆመህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በክር የተሰፋ ከሆነ ችግር የለም፤ መሐሉን ብትዘረጋው ክሩ ይታይሃል። በሙጫ ብቻ የተያዘ አሮጌ መጽሐፍ ግን ሙጫው ደርቋል፤ ግራና ቀኝ ገንጥለህ ጠረጴዛ ላይ ካስተኛኸው ቅጠሉ ተነቅሎ እጅህ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎች ናቸው ቀድመው የሚሄዱት። የመብት ገጹ የሌለው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ቅጠሉም የለም፤ እሱን ሳታይ አትክፈል። ጀርባው ላይ የታተመውን ዋጋ ዛሬ ከሚጠይቅህ ጋር እያነጻጸርክ አትከራከር፤ የድሮ ብር ነው።

ከኛ መደዳ ወይም ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም ከአራት ኪሎ አዟሪ ልታዝ ከሆነ ርዕስ ብቻ አትንገረው። «ኦሮማይ ፈልግልኝ» ካልከው የመጀመሪያውን ያገኘውን ያመጣልሃል። «የኩራዝ፣ የ1975ቱ» ካልከው ሌላ ፍለጋ ነው፤ ያ ኅትመት ወዲያው ከገበያ ስለተሰበሰበ ዋጋውም ሌላ ነው። ለንባብ ከሆነ በኋላ የታተመው ይበቃል። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ቦታ የቀየሩ ሻጮች ስላሉ በድሮው አድራሻ ሰው አትላክ። ዝርዝርህ ላይ የሱቅ ስም ከምትጽፍ አሳታሚና ዓመት ጻፍ፤ እሱ የትም ያስገኛል።


ጥቁር ሽፋን፦

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የገጽ ብዛት ጻፉልን። ታክሲ ላይ የሚነበብና አልጋ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ አንድ አይደለም። የፊደሉ መጠን ትንሽ ከሆነም ንገሩን፤ ለእናቴ መግዛት የማልችለውን አስቀድሜ ልወቅ።


ቀይ እስክሪብቶ፦

80 ቃል ለአማርኛ ብዙ ነው። ግሳችን ባለቤቱንም ተሳቢውንም ተሸክሞ ስለሚሄድ ፈረንጅ በ80 ቃል የሚለውን እኛ በ55 እንጨርሰዋለን። 80 ካደረጉት ቀሪው በ«ድንቅ» እና በ«ጥልቅ» ይሞላል፤ እርስዎ እንዳደረጉት። 60 ላይ ያቁሙ።

ሰባቱን የመረጡ ይመስላሉ፤ እኔ ግን አንድ ፈተና ልስጥ። መጽሐፎቹን ሳይከፍቱ ለ34ቱም አንድ አንድ መስመር ይጻፉ፦ አንድ ትዕይንት፣ ወይም አንድ ክርክር፣ ወይም አንድ ሰው። ምንም ያልመጣልዎትን ይሰርዙ። የቀሩትን ብቻ ከመደርደሪያ አውርደው ሦስት ቦታ ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች፣ መሐሉን፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ። በዓመቱ መጀመሪያ የተነበበ መጽሐፍ በዚህ ፈተና ካለፈ በነሐሴ ከተነበበው የበለጠ ይመዘናል፤ የነሐሴው ገና ትኩስ ነውና። ተራ ቁጥር አይስጧቸው። አንደኛና ሰባተኛ ካሉ ሰው የሚያወራው ስለ ደረጃው ብቻ ነው።

ማስታወሻው ውስጥ አራት ነገር እፈልጋለሁ፦ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደተጻፈ፣ የት ላይ እንደሚያደክም፣ ማንን እንደማይመች። ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው የሚዘለሉት፤ አንባቢ የሚያምንዎት ግን በእነሱ ነው።

የ«አደፍርስ»ዎን እንዲህ ባደርገው፦

«አደፍርስ፣ ዳኛቸው ወርቁ፣ 1962 ዓ.ም.። ልብ ወለድ። ትምህርት የቀመሰ ወጣት ከሰሜን ሸዋ ገጠር ሰዎች ጋር ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ባህልና ስለ ለውጥ ይሟገታል። ታሪኩ በድርጊት ብዙ አይገፋም፤ በንግግር ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አፍ አለው፤ የተናጋሪውን ስም በእጅ ሸፍነው ቢያነቡ ማን እንደተናገረ ይታወቃል። የአደፍርስ ረጃጅም ንግግሮች ያደክማሉ፤ ማድከማቸው ሆን ተብሎ ይመስለኛል። ሴራ ለሚፈልግ አንባቢ አይሆንም። ጮክ ብሎ ለሚያነብ ግን ቀለብ ነው።»

ይቁጠሩት፣ 60 አይሞላም። «ድንቅ» የሚል ቃል የለበትም፤ ይሁንና የወደደው ሰው እንደጻፈው ይታወቃል።

ለግጥም መጽሐፍ ይኼ መንገድ አይሠራም። «እሳት ወይ አበባ»ን (ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ 1966 ዓ.ም.) ለመሰለ ሥራ የሐሳብ ማጠቃለያ ከመጻፍ ምጣኔውን ይንገሩ። ወል ቤት የሚባለው የተለመደ ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፤ በስሙ የተጠራው የጸጋዬ ቤት ስምንት ስምንት። ወል ቤት የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር ከነገሩት አንባቢው ምን እንደገጠመው ያውቃል፣ መጽሐፉን አይዘጋም። ከግጥሙ ላይ ሁለት መስመር መጥቀስ ይቻላል፤ ሙሉ ግጥም መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትርጉም ከሆነ ተርጓሚውን ከደራሲው እኩል መስመር ላይ ያስቀምጡ። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው፤ እዚያ የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር የሠራው እሱ ነው። ፈረንጅኛውንም አንብበው ከሆነ ስለ ታሪኩ አይድገሙ፤ አማርኛው የት እንደተሳካለት ይንገሩን። ለ«ኦሮማይ»ም በተገላቢጦሽ ያው ነው፦ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጸጋዬ ኃይለማርያም ፌዝ በእንግሊዝኛ ተርፏል ወይስ አልተረፈም? የአስመራው ሰው ንግግር ውስጥ ያለው ጣልያንኛና ትግርኛስ ምን ሆነ? ሁለቱንም ያነበበ ሰው ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፤ የ60 ቃሉን ግማሽ እዚያ ያውሉት።

የወዳጅዎን መጽሐፍ በተመለከተ፣ ረቂቁን አርመው፣ መቅድም ጽፈው ወይም የጀርባ አስተያየት ሰጥተው ከሆነ አያስገቡት፤ አስተያየትዎ ጀርባው ላይ ታትሟል እኮ። እንዲሁ ትውውቅ ከሆነ አንዱን ያስገቡና «ደራሲውን አውቀዋለሁ» የሚል ሁለት ቃል ይጨምሩ። ሁለቱንም ካስገቡ ዝርዝሩ የሠርግ ጥሪ ይመስላል።


ቸርችል ቁልቁለት፦

እግዜር ይስጥልኝ። የለገሃሩን ፈተና ሦስቱም ላይ ሞክሬዋለሁ። አንዱ ፎቶኮፒ ነው፣ ጥላውም የተደፈነው «ዐ»ም አለ። ሁለተኛው ዲጂታል ኅትመት ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ኦሪጅናል ነው፣ ግን ከገጽ 33 እስከ 48 ሁለት ጊዜ አለ፤ ከ48 ቀጥሎ 65 ይመጣል። ፎቶኮፒውን ዝርዝር ውስጥ ላስገባው ወይስ ልተወው? ደግሞም አሮጌዎቹ በቃላት መሐል ሁለት ነጥብ (፡) አላቸው፤ ስጠቅስ ላስቀረው?


ቀይ እስክሪብቶ፦

መጽሐፉን ያስገቡ፤ የሚጠቅሱት ግን ሕጋዊውን ኅትመት ይሁን፣ ገበያ ላይ ካለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ ወራሾቹ በሕይወት ያሉበት ጉዳይ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን ጊዜው አልፏል፣ ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ደራሲ ሆነው የሌባ ቅጂ ፎቶ አንሥተው ቢለጥፉ ነገ የራስዎንም መጽሐፍ እንዲሁ ያደርጉልዎታል።


ለገሃር መደዳ፦

እህቴ፣ በሕጉ አልከራከርም። ግን ከ20 ዓመት በላይ ያልታተመ መጽሐፍ አለ፤ ፎቶኮፒው ባይኖር የሚያነበው የለም። «ገበያ ላይ የለም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ ያኔ አሳታሚም ፈላጊ እንዳለ ያያል። ፎቶውን ግን አትለጥፍ፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ።


ካርድ ካታሎግ፦

ሁለት ነጥቡን፦ በቀጥታ የሚጠቅሱት ሁለት መስመር ከሆነ እንዳለ ያስቀምጡ፤ ግጥም ከሆነ የግድ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በክፍተት ቢተኩት ማንም አይወቅስዎትም፤ ፊደሉን ግን እንደ መጽሐፉ ይተዉት። በስልክ ሲጽፉ ሁለት ነጥቡን ከፈረንጁ (:) ጋር እንዳያምታቱ።

ከ33 እስከ 48 የተደገመው የጠረዛ ስሕተት ነው፤ አንድ እጥፋት ሁለት ጊዜ ገብቶ ቀጣዩ ቀርቷል። ከ49 እስከ 64 ያለውን 16 ገጽ አላነበቡትም ማለት ነው። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይሂዱ፤ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ እንዲገባ በሕግ የተደነገገበት ቤት ስለሆነ አሮጌውን የማግኘት ዕድል እዚያ ይሻላል። ከሌለ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ አዲስ ዕትም ካለው ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆትንም ይሞክሩ። መታወቂያ ይያዙ፤ ርዕሱን በሁለቱም ሞክሼ ፊደል ጽፈው ይሂዱ። እዚያው ተቀምጠው ነው የሚያነቡት። 16 ገጽ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ ማስታወሻውን ግን ከዚያ በፊት አይጻፉ።


ቸርችል ቁልቁለት፦

ነገ ጠዋት ወመዘክር ነኝ። ለጥቁር ሽፋንም የገጽ ብዛቱን ጨምሬአለሁ፤ የፊደል መጠኑን በማስመሪያ ለክቼ እጽፋለሁ።


ጥቁር ሽፋን፦

የ«ሀ»ን ቁመት ለካ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለእናቴ አይሆንም።